የቅርንጫፍ ኮዱ ስንት ነው?

ከውጭ አገር ገንዘብ የላከ ወይም የተላከለት ሰው ሁሉ ይህችን ጥያቄ ያውቃታል። ላኪው ፎርሙን ሲሞላ አንድ ቦታ ላይ ይቆምና በቴሌግራም ወደ አገር ቤት ይጽፋል፦ «የቅርንጫፍ ኮዱ ስንት ነው?» ከወዲያ በኩል የሚመጣው መልስ ብዙ ጊዜ ቁጥር አይደለም። «መገናኛ ያለው ነው፣ ከድልድዩ አለፍ ብሎ» ይባላል። ወይም የደብተሩ ፎቶ ይላካል። ወይም ደግሞ «እኔ ምን አውቄ፣ እዚያው ጠይቃቸው እንጂ!»

እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ እንጀራዬ ደግሞ ሶፍትዌር መሥራት። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ገንዘብ ማስተላለፊያ ሥርዓቶች ላይ ስለሠራሁ ጥያቄዋን የማውቃት ከጀርባዋ ነው፤ ጎኗ ላይ ቀይ ኮከብ ካለባት፣ ሳይሞሏት ከማታሳልፈው ትንሽ ሳጥን በኩል። አንድ ቀን «ይህች ሳጥን ግን ከየት መጣች?» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ሳጥኗ ከመቶ ዓመት በላይ ታሪክ አላት። «ከድልድዩ አለፍ ብሎ» የሚለው መልስም እንደሚመስለው የሚያስቅ አይደለም፤ ባንኮች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ የተግባቡት እንደዚያ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስም ሲበቃ

የእኛኑ የመጀመሪያ ባንክ እንይ። የአቢሲኒያ ባንክ የተቋቋመው በ1905 ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ስምምነት ነው፤ በዓመቱ በየካቲት 1906 ዳግማዊ ምኒልክ መርቀው ከፈቱት። አዲስ አበባ ላይ ተጀምሮ በኋላ ሐረር፣ ድሬዳዋ፣ ጎሬና ደምቢዶሎ ቅርንጫፍ ነበረው፤ ጋምቤላ ላይ ወኪል፣ ጅቡቲ ላይ ደግሞ የመተላለፊያ ቢሮ።

እነዚህን ስሞች ደርድራችሁ ስታዩአቸው ካርታ ይሠራሉ። ድሬዳዋ ባቡሩ ነው፤ ሐዲዱ እዚያ የደረሰው በ1902 ነበር። ጅቡቲ ወደቡ ነው። ጎሬና ደምቢዶሎ የምዕራቡ ቡና ነው። ጋምቤላ በባሮ ወንዝ በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን የሚያስወጣው በር ነው። ንግዱ በሄደበት ባንኩ ተከትሎ ሄዷል። ከዚህ ታሪክ የሚገርመኝ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ይህ ሁሉ ያለ አንድም ኮድ መሠራቱ። አንድ ከተማ ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ካለ «ጎሬ» ማለት ራሱ ኮድ ነው። የሚሳሳት የለም፤ ሌላ ጎሬ የለማ።

ከባንክ በፊት የነበረው ሐዋላም በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር። ቃሉን ከዓረብኛ ነው የወሰድነው፤ አሁንም ባንኮቻችን ከውጭ የሚመጣ ገንዘብን «ሐዋላ» ይሉታል። ነጋዴው እዚህ ገንዘብ ይቀበላል፣ ማዶ ላለው ወዳጁ ቃል ይልካል፣ ወዳጁ ለተባለው ሰው ይከፍላል። ሁለቱ ነጋዴዎች ይተዋወቃሉ፤ ማዶ ያለው ደግሞ ተቀባዩን ያውቃል ወይም የሚያውቀውን ያውቃል። የሰንሰለቱ ሰዎች እስከተዋወቁ ድረስ ቁጥር ምን ያደርጋል? ኮድ የሚያስፈልገው የማይተዋወቁ ሰዎች ሲበዙ ነው።

ካርታ አታሚው

የማይተዋወቁ ባንኮች ከማንም በላይ የበዙት አሜሪካ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አገሪቱ ከ20 ሺህ በላይ ባንኮች ነበሯት፤ አብዛኞቹ ቅርንጫፍ የሌላቸው፣ የአንድ ከተማ ብቻ ባንኮች። የስማቸው ነገር ደግሞ አይወራ። «ፈርስት ናሽናል ባንክ» የሚባል ባንክ ከዳር እስከ ዳር በየከተማው ነበር። አንድ ሰው ቺካጎ ላይ ቼክ ሲሰጣችሁ ቼኩ ተጉዞ ገንዘቡ ወዳለበት ባንክ መድረስ አለበት። ጸሐፊዎቹ የየባንኩን ስምና ከተማ በእጅ እየጻፉ ደክመው እያንዳንዱ ባንክ ለሌሎቹ የራሱን ቁጥር ማውጣት ጀመረ። አንዱ ባንክ የሰጠው ቁጥር ለሌላው ስለማይገባ ቼኩ በተጓዘ ቁጥር አዳዲስ ቁጥሮች ይደራረቡበት ነበር።

የአሜሪካ ባንኮች ማኅበር በ1910 ለሁሉም አንድ ወጥ ቁጥር እንዲኖር ወሰነ። በዓመቱ ቁጥሮቹን እንዲመዘግብና በመጽሐፍ እንዲያሳትም የተመረጠው ማን መሰላችሁ? ራንድ ማክናሊ፣ ካርታ አታሚው። ለኔ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። ለነሱ የባንክ ቁጥር የቦታ ጉዳይ ነበር፤ እንደ ከተማና እንደ ባቡር ጣቢያ ካርታ ላይ የሚቀመጥ ነገር። አወጣጡም ይህንኑ ይመስላል፤ ትልልቆቹ ከተሞች ቀድመው ቁጥር አገኙ፣ ኒው ዮርክ 1፣ ቺካጎ 2፣ ፊላደልፊያ 3 እያለ። ዛሬ «ራውቲንግ ነምበር» የሚሉት ባለ 9 አሃዙ ቁጥር የዚያ ልጅ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች አብዛኛውን ጊዜ ከ12ቱ የፌዴራል ሪዘርቭ ወረዳዎች አንዱን ያመለክታሉ፤ 01 ቦስተን፣ 02 ኒው ዮርክ፣ 12 ሳን ፍራንሲስኮ።

የመጨረሻዋ አሃዝ ግን ቦታም ባንክም አታመለክትም። እሷ ዘበኛ ናት። የቦስተኑን ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ ቁጥር ውሰዱ፦ 011000015። አሃዞቹን ከግራ ጀምራችሁ በተራ በ3፣ በ7፣ በ1 እያባዛችሁ ደምሩ። 7፣ 1፣ 7 እና 5 ታገኛላችሁ፤ ሲደመር 20። ድምሩ ሁልጊዜ ለ10 ያለ ቀሪ መካፈል አለበት። የመጨረሻዋን 5 በስህተት 6 ብትሏት ድምሩ 21 ይሆንና ማሽኑ አይቀበልም። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞችን ብታቀያይሩም ብዙውን ጊዜ ይይዛችኋል። ዘበኛዋ አንድ ድካም አለባት፤ የተቀያየሩት አሃዞች ልዩነታቸው 5 ከሆነ፣ ለምሳሌ 1 እና 6፣ ዝም ብላ ታሳልፋለች። ነገሩ የገባኝ ወረቀት ላይ ስሠራው ነው። ያኔ ለራሴ ያልኩት፦ ቁጥሩ በትክክል መጻፉንና ትክክለኛው ቁጥር መሆኑን መለየት አለብን፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ወረቀት መደርደር

እንግሊዞች ቁጥራቸውን «ሶርት ኮድ» ይሉታል፤ ቃል በቃል «መደርደሪያ ኮድ» እንደማለት ነው፣ ስሙም ምንጩን ይናገራል። ለንደን ውስጥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የየባንኩ ተላላኪዎች ቼክ ተሸክመው ከባንክ ባንክ ሲዞሩ ይውሉ ነበር። እግራቸው ሲያልቅ ጊዜ ሎምባርድ ጎዳና አንድ መጠጥ ቤት ተገናኝተው እዚያው መለዋወጥ ጀመሩ። የባንኮች የማጣሪያ ቤት የሚባለው ትልቅ ተቋም ያደገው ከዚህ ነው። የሁሉም ሥራ አንድ ነበር፦ የወረቀት ክምር ፊት ተቀምጦ «ይኼ ያንተ፣ ይኼ የኔ» እያሉ መደርደር።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ክምሩ ከሰው አቅም በላይ ሲሆን መደርደሩ ለማሽን ተሰጠ። ማሽኑ የባንክ ስም ማንበብ ስለማይችል ቼኩ ግርጌ ላይ በማግኔት ቀለም ቁጥር ታተመለት። ባለ 6 አሃዙ የእንግሊዝ ኮድ ዛሬም ሦስት ጥንድ ሆኖ ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ጥንድ ባንኩን ይነግራል፣ በ20 የሚጀምረው የባርክሌይስ፣ በ60 የሚጀምረው የናትዌስት። የቀሩት አሃዞች ቅርንጫፉን ነው የሚያመለክቱት፣ ምክንያቱም ቼኩ በመጨረሻ የደንበኛው መዝገብ ወዳለበት ቅርንጫፍ በአካል መድረስ ነበረበት።

መዝገቡ ቅርንጫፉ ውስጥ መሆኑን የእኛም ወላጆች ያውቁታል። የቁጠባ ደብተር የምታወጣበት ቅርንጫፍ ገንዘብህ «የሚኖርበት» ነበር። ደሴ የከፈትከውን ደብተር ይዘህ ጅማ ብትሄድ ገንዘብ ለማውጣት ስልክና ማረጋገጫ ያስፈልግ ነበር። ኮር ባንኪንግ የሚባለው ሥርዓት ሲገባ መዝገቡ ከየቅርንጫፉ መደርደሪያ ተነሥቶ አንድ ማዕከል ላይ ተቀመጠ። አሁን በ1000 የሚጀምረው ባለ 13 አሃዝ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሒሳብ የትም ይከፈት የት፣ ወደ 2 ሺህ ከሚጠጉት ቅርንጫፎች በየትኛውም ይሠራል። የቅርንጫፍ ኮድ ለባንኩ የውስጥ ሥራ ይጠቅማል። ገንዘቡን መንገድ ለማሳየት ግን ሒሳብ ቁጥሩ ይበቃል።

የፎርሟ ሳጥን ግን ይህን ወሬ አልሰማችም።

ስምንቱ ፊደላት

ድንበር ተሻጋሪው ገንዘብ የራሱ ታሪክ አለው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ በፊት ባንክ ለባንክ የሚጻጻፈው በቴሌክስ ነበር። መልእክቱ እንደ ደብዳቤ በዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ እውነተኛ መሆኑ የሚረጋገጠው ሁለቱ ባንኮች ብቻ በሚያውቁት ምስጢራዊ ስሌት ነው። የባንክ ቤት ሰዎቻችን እስካሁን «ቲቲ» የሚሉት፣ የቴሌግራፍ ሐዋላ ማለት፣ የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። በ1973 ከ15 አገሮች የተውጣጡ 239 ባንኮች ብራስልስ ላይ ስዊፍትን መሠረቱ፤ መልእክት ማስተላለፍ የጀመረው በ1977 ነው። ስዊፍት ገንዘብ አያጓጉዝም፤ የሚያጓጉዘው መልእክት ብቻ ነው። መልእክቱ ማሽን የሚያነበው እንዲሆን ደግሞ ለእያንዳንዱ ባንክ መለያ ወጣለት።

የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን እናንብበው። በላቲን ፊደል ስምንት ሆሄ ነው፦ ሲ፣ ቢ፣ ኢ፣ ቲ፤ ኢ፣ ቲ፤ ኤ፣ ኤ። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ባንኩ ናቸው። ቀጣዮቹ ሁለቱ፣ ኢ እና ቲ፣ ኢትዮጵያ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ኤዎች ባንኩ የሚገኝበት ሥፍራ፣ አዲስ አበባ። አዋሽ፣ ዳሸንና አቢሲኒያም በየራሳቸው አራት ሆሄ ጀምረው የሚጨርሱት በዚሁ በኢ፣ ቲ፣ ኤ፣ ኤ ነው። ከዚህ በኋላ ሦስት ተጨማሪ ሆሄ ሊመጣ ይችላል፤ እሱ ነው ቅርንጫፉ። ሦስት ኤክስ ከሆነ «ዋናው መሥሪያ ቤት» ማለት ነው፤ ስምንት ሆሄ ብቻ ከተጻፈም ትርጉሙ ያው ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ ፎርም ራውቲንግ ነምበር ይጠይቃል፣ የእንግሊዙ ሶርት ኮድ፣ የአውሮፓውና የዱባዩ አይባን። እነዚህ ተቀባዩ እዚያው አገር ሲሆን የሚያስፈልጉ ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሒሳብ ራውቲንግ ነምበርም ሶርት ኮድም የለውም። አገራችን የአይባን ሥርዓትም አትጠቀምም። ወደ አገር ቤት ለሚሄድ ሐዋላ ሦስት ነገር ነው የሚያስፈልገው፦ የባንኩ ስዊፍት ኮድ፣ የሒሳብ ቁጥሩና የባለሒሳቡ ስም። ቅርንጫፍ ከተጠየቀ የቅርንጫፉን ስም መጻፍ ነው። ባለ 11 ሆሄ ካልሆነ አልቀበልም የሚል ፎርም ሲያጋጥም ሦስቱን ኤክስ መጨመር። ኮዱን ደግሞ ከባንኩ ከራሱ መውሰድ፤ በየድረ ገጹ ተለጥፎ ከሚገኘው ዝርዝር ውስጥ ያረጀም የተሳሳተም ሞልቷል።

የእናትየው ስም

ይህ ሁሉ ቴክኒክ ይመስላል። ሰው ላይ ሲደርስ ግን እንዲህ ነው።

ከዚህ በፊት የሠራሁበት አንድ ድርጅት ውስጥ፣ እኔ ከመግባቴ በፊት የተሠራ የሐዋላ ፎርም ነበር። ፎርሙ የተቀዳው ለሌላ አገር ከተዘጋጀ ስለነበር የቅርንጫፍ ኮድን አስገዳጅ አድርጎታል። መረጃ ቋቱን ከፍቼ ኢትዮጵያውያን ምን እንደሚሞሉ አየሁ። 000። 123። 1111። አንዳንዱ የራሱን የልደት ዓመት አስገብቷል። አንዱማ «ፒያሳ» ብሎ ነበር።

አንዲት አውሮፓ የምትኖር ልጅ ግን እንዲህ አላደረገችም። ጠንቃቃ ነበረች። ለእናቷ የዓይን ቀዶ ሕክምና ነበር የምትልከው፤ ቀጠሮው ተቆርጧል። ኮዱን ፈልጋ ኢንተርኔት ላይ አንድ ዝርዝር አገኘችና የእናቷን ሠፈር የሚመስል ቅርንጫፍ ሦስት ሆሄ ጨምራ ጻፈች። ስሙንም አስተካክላ ጻፈች፣ ማለትም እሷ ፓስፖርቷ ላይ የአባቷን ስም በምትጽፍበት አጻጻፍ መንፈስ። የእናትየው ደብተር ግን በሌላ አጻጻፍ ነበር። ገንዘቡ ዘጠኝ ቀን ተንከራቶ፣ በመንገድ ላይ ያሉት ባንኮች ክፍያቸውን ቆርጠው፣ ጎድሎ ተመለሰ። ቀጠሮው አለፈ። ያቀረበችው አቤቱታ እኔ ዘንድ ሲደርስ መጨረሻው ላይ እንዲህ ይል ነበር፦ «እማዬ ያልላክሁላት መስሏታል።»

የእኛን ስም በላቲን ፊደል መጻፍ ምን ያህል ፈተና እንደሆነ የሚያውቀው የደረሰበት ነው። «ፀሐይ» የሚለውን አንዱ በቲና ኤስ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ ብቻ። «ኃይለ» በአይ ነው በዋይ? «ወልደ ማርያም» አንድ ቃል ነው ሁለት? በግእዝ ፊደል አንድ የሆነ ስም በላቲን አራት አምስት መልክ ያወጣል፤ ፓስፖርቱ አንዱን፣ የባንክ ደብተሩ ሌላውን፣ የልደት ሰርተፍኬቱ ሦስተኛውን ይይዛል። በዚህ ላይ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። እናትና ልጅ በውጭ ፎርም ፊት ባዕድ ናቸው፤ አንዷ የአያቷን ስም፣ ሌላዋ የአባቷን አባት ስም ይዛ ትመጣለች። «ከተቀባይዋ ጋር ምን ዝምድና አለሽ?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ነው። ስለዚህ ቁጥር ለኛ ከማንም በላይ ይጠቅመን ነበር። ቁጥር አጻጻፉ አንድ ነው። በየትኛውም ቋንቋ ቢጠሩት 5 ያው 5 ነው።

ቁጥር ብቻውን

ታዲያ ስሙን ትተን በቁጥር ብቻ ለምን አንልክም? ይህ ተሞክሯል። ብዙ አገሮች ለረጅም ጊዜ ገንዘብ ያስተላለፉት ስሙን ሳይመለከቱ፣ በኮዱና በሒሳብ ቁጥሩ ብቻ ነበር። የእንግሊዝ ፎርም ስም ይጠይቅ ነበር እንጂ ባንኩ ስሙን ከሒሳቡ ጋር አያመሳክርም ነበር።

ኖርዌይ ውስጥ አንዲት ሴት ለልጇ 500 ሺህ ክሮነር ልትልክ ኢንተርኔት ባንኳን ትከፍታለች። የሒሳብ ቁጥሩ 11 አሃዝ ነው። መሐል ላይ ተደጋግሞ ያለውን 5 አንድ ጊዜ ጨምራ ትጫነዋለች። ሥርዓቱ ትርፉን አሃዝ «በዝቷል» ብሎ ከመመለስ ይልቅ ከመጨረሻው ቆርጦ ጣለውና 11 አደረገው። የተረፈው ቁጥር ዘበኛዋን አሃዝ አለፈ፤ ትክክለኛ ቁጥር ነበራ፣ የሌላ ሰው። ገንዘቡ የደረሰው ሰው ብዙውን ሳይመልስ አጠፋው። ጉዳዩ በ2000ዎቹ መጨረሻ በኮምፒዩተር ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ተጻፈበት። ከላይ ያልኩት ልዩነት ይህ ነው፦ ቁጥሩ በሒሳብ ደረጃ እንከን አልነበረውም። የልጇ አለመሆኑን ሊናገር የሚችል አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ስሙ።

እንግሊዝ በ2020 ትልልቆቹ ባንኮቿ ከመላክ በፊት ስሙን ከሒሳብ ቁጥሩ ጋር እንዲያመሳክሩ አደረገች። የአውሮፓ ኅብረት በዩሮ ቀጠና ይህንኑ ግዴታ ያደረገው በጥቅምት 2025 ነው። ከመቶ ዓመት የቁጥር ጉዞ በኋላ ወደ ስም መመለስ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን ይህ ብርቅ አይደለም። ከ2021 ጀምሮ ያለውን ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ የሚጠቀም ሁሉ ያውቀዋል፤ ቁጥሩን ስታስገባ ከመላክህ በፊት የባለቤቱ ስም ይመጣል። ሱቅ ውስጥ ዳቦ ገዝተህ ስትከፍል ባለሱቁ «ስሜ መጣልህ?» ይላል። አንተ ጮክ ብለህ ታነብበታለህ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ገንዘቡ ይሄዳል። ሐዋላው ነጋዴና ካርታ አታሚው አንድ ላይ ሲሠሩ ይህን ይመስላሉ፤ ቁጥሩ መንገዱን ያሳያል፣ ስሙ ሰውየውን።

ልብ በሉ፣ ባለሱቁ ስሙ የመጣው በአማርኛ ይሁን በላቲን ግድ የለውም፣ አጻጻፉም እንዲሁ። «ፀሐይ» በአንዱም ተጻፈ በሌላው ሰው ሲያነበው ያው ፀሐይ ነው። ያን የእናትዮዋን ገንዘብ የመለሰው ፊደል በፊደል የሚያነጻጽር አሠራር ነበር። ባለሱቁ ቢሆን ኖሮ አይቶ «እሷ ናት» ይል ነበር።

የፎርሟን ቀይ ኮከብ ለማንሳት የሚያስፈልገው ሁለት መስመር ኮድ ነበር። ፈቃዱን ለማግኘት አራት ወር ፈጀ። «ሌላው አገር ይጠይቃል እኮ» ነበር የሚባለው፤ እውነት ነው፣ ሌላው አገር ቼክ ይደረድር ነበርና ይጠይቃል። በመጨረሻ አገሩ «ኢትዮጵያ» ሲመረጥ ሳጥኗ እንድትጠፋ ተደረገ። በምትኩ ከስሙ ሥር አንዲት መስመር በአማርኛ ጨመርን፦ «ደብተሩ ላይ እንደተጻፈው ፊደል በፊደል ይጻፉ፤ ካልተረጋገጠልዎት ፎቶውን ያስልኩ።» ከዚያ ወዲህ መረጃ ቋቱ ውስጥ «ፒያሳ» የሚል የቅርንጫፍ ኮድ አይቼ አላውቅም።